ማገር ስምንት

ማክሰኞ ማለዳ ረምላ ኑሩ የቤቷን በር ስትከፍት የቅሬው፣ ማለትም የሰፈሩ ዕድር፣ ዳኛ ጋሽ ናትናኤል ግቢዋ ውስጥ ሜትር ዘርግተው ሲለኩ አገኘቻቸው። ከአጥሩ ተነስተው የሎሚው ዛፍ ሥር ደርሰዋል።

«ዘጠኝ ሜትር ነው፤ አይድከሙ» አለቻቸው። «ባለፈው ጊዜ ለክቼዋለሁ።»

ሽማግሌው ደንገጥ ብለው ቀና አሉ። «ባለፈው ጊዜ? አንቺው ራስሽ?»

«ማን ይለካልኝ ታዲያ? ሎሚው ካስቸገረ ደግሞ ቅርንጫፉን ቁረጡት። ሰው ከሚጨናነቅ ሎሚ ቢቀር ይሻላል።»

«ልበ ሙሉ ነሽ ልጄ» አሉ ጋሽ ናትናኤል። ድምፃቸው ትንሽ ሰለለ። «እንዲህ ቀለል አድርጎ የተቀበለው ሰው አይቼ አላውቅም።»

«ምን ያካብዳል ታዲያ? ጎረቤት ናት። ብቻ ዘፈኑን እስከ አራት ሰዓት ብትጨርሱልኝ። ሐሙስ ሆስፒታል ስለምገባ እንቅልፍ ያስፈልገኛል።»

«የምን ዘፈን?»

«የሐያት ልጅ ሠርግ ነዋ! ለዳሱ ግቢሽን አውሺን ብላኝ የለ?»

ጋሽ ናትናኤል ሜትሩን ለቀቁት። ቆርቆሮው እየተንሿሿ ተመልሶ ከመያዣው ገባ። ለትንሽ ጊዜ ሎሚውን እንጂ እሷን አላዩም።

«አማን አልነገረሽም?» አሉ በመጨረሻ።

በኮምቦልቻ፣ እንደ ሌላውም ከተማ ሁሉ፣ ሰው ክፉ ውጤቱን ከሐኪም አይሰማም። አርባ ዓመት የሞላው ሁሉ ነጋሪ ያስመዘግባል። ውጤቱ ለነጋሪው ይላካል፤ ነጋሪው ቀንና ቃል መርጦ ለባለቤቱ ይነግራል። ቁጥሩ ሰባትና ከዚያ በላይ ከሆነ ለቅሬውም በዚያው ሰዓት ይደርሰዋል፣ ጎረቤት ለለቅሶው ድንኳን እንዲዘጋጅ። የረምላ ነጋሪ ታናሽ ወንድሟ አማን ነው። ከነጋሪው የቀደመ ዳኛ ደግሞ ከዳኝነቱ ይነሳል። ጋሽ ናትናኤል ይህን ስለሚያውቁ ሜትሩን ኪሳቸው ከትተው ወደ በሩ ተራመዱ።

«አላየሁሽም፤ አላየሽኝም» አሉ። «ገና ሁለት ግቢ ይቀረኛል። በአንድ ሳምንት ሦስት! አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዳኛ ስሆን እንዲህ ያለ ነገር አልገጠመኝም።»

ረምላ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ከዓርብ ጀምሮ የሆነው ሁሉ አሁን መልክ ያዘ። ዓርብ መነጽር ቤቱ ያዘዘችውን የሁለት ዓመት ዋስትና ያለው መስታወት ሰርዞ የስድስት ወሩን ልኮላታል። ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍቱ ባለ አራት ቅጹን መጽሐፍ ከልክሎ አጫጭር ታሪኮች መርጦላታል። ሰኞ ከምትሠራበት የባቡር ጭነት ቢሮ የሚቀጥለው ዓመት የሥልጠና ዝርዝር ሲመጣ ስሟ አልነበረም። ለሁሉም ቅሬታ ጽፋለች። ከሁሉም የመጣላት መልስ አንድ ነበር፦ «ምርጫዎ ሁኔታዎን ባገናዘበ መልኩ ተስተካክሏል።»

አማን በሮች ከሚገጣጥምበት ሱቅ ስትደርስ አንድ ሳንቃ እየላገ ነበር። እንዳያት ወደ ጓዳ ሊገባ ቃጣው።

«እቴ! እኔው ልመጣ ስል… ማንጎ ገዝቼልሽ…»

«ማንጎው ይቆይ። ስንት ነው?»

«ምኑ?»

«ጋሽ ናትናኤል ግቢዬን ለክተዋል፣ አማን።»

መላጊያውን አስቀመጠ። እጁ ላይ ያለውን ፍቅፋቂ አንድ በአንድ አነሳ። ዕድሜው አርባ ሦስት ነው፤ እንዲህ ሲሆን ግን የሰባት ዓመት ልጅ ይመስላል።

«ስምንት» አለ።

ረምላ የበር ክምሩ ላይ ተቀመጠች። የማገር ቁጥር ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው በአገሩ የለም፤ የከተማው አማካይ በየጠዋቱ በሬዲዮ ከአየር ጠባዩ ቀጥሎ ይነበባል። ልጆች ከአራተኛ ክፍል ጀምረው ይማሩታል። ቤት በማገር እንደሚቆም ሕዋስም በፕሮቲን ክር ይቆማል። ዕጢ ውስጥ ያለ ሕዋስ ኬራቲን የሚባለው ክሩ እስከጸና ድረስ ካለበት አይነቃነቅም። ኬራቲኑን ጥሎ ቪመንቲን የሚባል ሌላ ክር የለበሰ ከሆነ፣ የአክቲን ክሩን ወደ ፊት እየገፋ እንደ እግር የሚዘረጋ ከሆነ፣ አጥሩን ጥሶ ይወጣል፤ ደም ሥር ያገኛል፤ ሳንባ ይደርሳል። ቁጥሩ እስከ ሦስት ከሆነ ዕጢው ተቆርጦ ይረሳል። ከአራት እስከ ስድስት ይቆረጥና መድኃኒት ይከተላል። ከሰባት ጀምሮ ቢላ አይነሳም፤ ተራው ለሌላ ይሰጣል፣ በሽተኛው ሞቱን በሚጠብቅበት ማረፊያ ክፍል ይመዘገባል።

«የሐሙሱ ቀዶ ሕክምናስ?» አለች።

«ተሰርዟል።»

«መቼ?»

«ዓርብ። አራት ቀን… አልቻልኩም እቴ። በየቀኑ ልነግርሽ እመጣና ማንጎውን አስቀምጬ እመለሳለሁ።»

«ወረቀቱን አምጣ።»

ከደረት ኪሱ አወጣው። አራት ቦታ ታጥፎ በላብ ለስልሷል። ረምላ የጭነት ወረቀት እንደምታነብ ከታች ወደ ላይ አነበበችው፤ ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ነው ያነበበችው። ከታች ሰዓት ነበር።

«የተወሰደበት 03:20። የቀዘቀዘበት 09:45። ቆይታ 6 ሰዓት ከ25 ደቂቃ። የቆይታ ማካካሻ ተደርጓል።»

ሁለተኛ አነበበችው። ከዚያም ሳቀች፤ ጥሩ ሳቅ ግን አልነበረም።

«አማን፣ እኔ በውድቅት ሌሊት ሆስፒታል ሄጄ አውቃለሁ?»

«ኧረ በጭራሽ።»

«ናሙና የሰጠሁት ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሃያ ነው። ነርሷ በእጇ ስትጽፍ አይቻለሁ። ማቀዝቀዣው ግን ሰዓቱን የሚያትመው በውጭ አቆጣጠር ነው። ዘጠኝ ከአርባ አምስት ማለት በእኛ ሦስት ከአርባ አምስት ነው። ሃያ አምስት ደቂቃ ነው የቆየው! ማሽኑ የኛን የጠዋት ሦስት የፈረንጅ የሌሊት ሦስት አደረገው።»

ሥራዋ ይኸው ነው። ለሾፌሮቹ በአገር ሰዓት፣ ለመቆጣጠሪያው በውጭ ሰዓት፣ በቀን ሁለት መቶ ጊዜ ስድስት ትደምራለች፣ ስድስት ትቀንሳለች።

«ቢቆይ ባይቆይ ለውጥ አለው?» አለ አማን።

«ሥጋው ከቆየ ፕሮቲኑ ይፈርሳል፤ ምልክቱ ይደክማል። ማሽኑ የፈረሰ መስሎት ከራሱ ሞላበት። ያላየውን ቪመንቲን ጨመረልኝ። ተነስ።»

በሆስፒታሉ የቅሬታ መስኮት ሚኪያስ የሚባል ጸጉሩን በጥንቃቄ ያበጠረ ወጣት ተቀምጧል። አራት ሰዓት ሆኗል።

«ውጤቴ ተሳስቷል» አለችው ረምላ።

ስሟን አይቶ ፊቱን አለሳለሰ። «እህቴ፣ የእርስዎ ውጤት አልተነገረዎትም።»

«ተነግሮኛል። ነጋሪዬ ይኸው አጠገቤ ቆሟል።»

«አልተመዘገበም። ስላልተመዘገበ አያውቁም።»

«አውቃለሁ እያልኩህ!»

«እንደሚያውቁ እኔ አላውቅም። እንዳውቅም አልተፈቀደልኝም። በማያውቁት ውጤት ላይ ደግሞ ቅሬታ አይቀርብም።»

አማን ወደ መስኮቱ ጠጋ አለ። «እኔ ላቅርባ።»

«ነጋሪ የሚያቀርበው ከነገረ በኋላ ነው።»

«እሺ፣ እዚሁ ልንገራት። ረምላ፣ ቁጥርሽ…»

«እዚህ አይሆንም!» ሚኪያስ እጁን አነሳ። «ከንጋቱ አሥራ አንድ እስከ አንድ ሰዓት፣ በቤት፣ በሽማግሌ ፊት፣ በመዝጋቢው። ደንቡ ከመርዶ ነው የተወሰደው። ሰው በጠራራ ፀሐይ በመስኮት አይረዳም። ለእርስዎው ክብር ነው።»

ረምላ መስታወቱን በጣቷ ነካች። «ወንድሜ፣ የሐሙስ ተራዬ ነገ ማታ ለሌላ ይሰጣል። ሽማግሌው ይቅር፣ ሰዓት የሚያነብ አንድ ሰው ስጠኝ። አንድ!»

«ሰዓትን የሚመለከተው መስኮት ሰባት ነው» አለ ሚኪያስ በትሕትና። መስኮት ሰባት ተዘግቶ ነበር።

ረቡዕ ገና ሳይነጋ አማንና ጋሽ ናትናኤል መጡ። መዝጋቢው የክብሪት ሳጥን የሚያህል ዕቃ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ረምላ እንደታዘዘው ተቀመጠች፤ አማን እንደታዘዘው ከጎኗ ተቀመጠ፤ አንድ ብርጭቆ ውኃ ተቀዳ። ዳኛው እንደ አዲስ ሰው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

የሚባለው ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። አማን ጀመረ።

«እህቴ ረምላ፣ የማገር ቁጥርሽ…» ቆመ።

«አልተሰማም። እባክዎ ይድገሙ» አለ መዝጋቢው።

«እህቴ ረምላ፣ የማገር…» ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

«አልተሰማም። እባክዎ ይድገሙ።»

«አማን» አለች ረምላ በጥርሷ። «ውሸት መሆኑን ታውቃለህ እኮ! አንተው ነህ ወረቀቱን የያዝከው።»

«እኔ አውቃለሁ! አፌ ግን አያውቅም።»

«ልጄ፣ አንድ ሰዓት ሊሆን ነው» አሉ ጋሽ ናትናኤል በመስኮቱ እያዩ። «ካለፈ ነገ ነው። ነገ ደግሞ ተራዋ አልፏል፤ እኔም ዳግም ለመምጣት ጉልበቴ አይችልም። በል አማን፣ እንደ ገበያ ዋጋ ጥራው።»

አማን ውኃውን ራሱ ጠጣው። ዓይኑን ጨፈነ።

«እህቴ ረምላ የማገር ቁጥርሽ ስምንት ነው አብሬሽ ነኝ» አለ በአንድ ትንፋሽ።

«ተመዝግቧል» አለ መዝጋቢው። «መጽናናትን እንመኛለን።»

ረምላ ባዶውን ብርጭቆ ወደ ራሷ ሳበች። ሐሰት መሆኑን በደቂቃና በሰከንድ ታውቃለች። ግን ቃሉ በወንድሟ ድምፅ፣ በዚያ ሰዓት፣ ሽማግሌ አንገቱን ደፍቶ እያለ ሲባል ሌላ ነገር ነበር። ትንሽ ቆይታ ተነሳች። አማንን ይዛ ወደ ሆስፒታሉ ሄደች።

የናሙና ንባብ ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ሶልያና ስልሳ ዓመት የተጠጋት ቀጭን ሴት ናት። ወረቀቱን አንዴ አይታ ዓይኗን ጨፈነች።

«ቤዛዊት!» ብላ ተጣራች።

ሲስተር ቤዛዊት ጓንቷን እያወለቀች መጣች። ወጣትና ክብ ፊት ናት፤ ረምላ ወዲያው አወቀቻት።

«በዚያ ቀን ሰዓቱን ማን ጻፈ?»

«እኔ ነኝ ዶክተር። ማተሚያው ቆሞ ነበር፤ በእጄ ጻፍኩ።»

«ሦስት ሰዓት ከሃያ ብለሽ?»

«ታዲያ ሦስት ሰዓት ከሃያ አልነበረም?» ነርሷ ከአንዱ ወደ አንዱ ተመለከተች። ከዚያ እጇ አፏ ላይ ሄደ። «ወይኔ!»

«ስንት ብልቃጥ ጻፍሽ?»

«ማተሚያው እስኪሠራ… አሥራ ሁለት።»

ዶክተሯ የስክሪን ሰሌዳዋን ነካክታ የረምላን ናሙና ያለ ማካካሻው አስነበበችው። ቁጥሩን ማሳየት ስለማይፈቀድላት ሰሌዳውን በዝግታ ወደ ረምላ አዞረችና ራሷ ወደ መስኮቱ ተመለከተች። ሁለት ይላል።

አማን «አልሃምዱሊላህ» ብሎ ግድግዳው ላይ ተደገፈ።

«የአንድ ናሙና ስህተት ከሆነ አሁን፣ በአሥር ደቂቃ አስተካክላለሁ» አለች ዶክተር ሶልያና። «ነገ ጠዋት በተራዎ ይገባሉ። የቅሬታ ቅጹ ላይ ነጋሪው ‹የአንድ› የሚለው ላይ ምልክት ያድርግና ይፈርም።»

«ሌሎቹስ አሥራ አንዱ?» አለች ረምላ።

«ነጋሪዎቻቸው ቅሬታ ሲያቀርቡ…»

«ነጋሪዎቻቸው ሰዓቱን አያዩትም ዶክተር። ቁጥሩን አይተው ነው የሚያለቅሱት። እርስዎ ራስዎ አያስተካክሉትም?»

«ክፍሉ በራሱ ማሽን ላይ ቅሬታ መክፈት አይችልም። የሚችለው ነጋሪ ብቻ ነው።» ድምፅዋ ደከመ። «‹የብዙ› የሚለው ላይ ምልክት ከተደረገ ደግሞ ማሽኑ ይቆማል። ደሴም ወልዲያም የሚነበብላቸው በዚሁ ነው። መርማሪ መጥቶ ሁሉንም እንደገና እስኪያይ ማንም ቁጥር የለውም፤ እርስዎም ጭምር። ቁጥር የሌለው ሰው ላይ ቢላ አይነሳም። ነገ እዚህ ቤት ቀዶ ሕክምና አይኖርም ማለት ነው። ተራው እንደ አዲስ ነው፤ ቢያጥር አምስት ሳምንት።»

«በአምስት ሳምንት ሁለቱ ሁለት ሆኖ ይቆያል?»

«አላውቅም። ሊቆይ ይችላል።»

«ነገ ገብቼ ከነገ ወዲያ ‹የብዙ› ብልስ?»

«አንድ ናሙና ላይ አንድ ቅሬታ ነው። በዚህ ከተዘጋ ተዘጋ።»

አማን እስክሪብቶውን አንስቶ ነበር። «‹የአንድ› ብዬ ልፈርም እቴ?»

ረምላ ናሙና በሰጠችበት ጠዋት በወረፋው የነበሩትን እያሰበች ነበር። አንድ መቁጠሪያ የያዙ ሽማግሌ። ሚስቱን ያስከተለ፣ ስልኩ ላይ የሚጮህ ነጋዴ። አንዲት ቀይ ሻሽ ያሰረች ሴትዮ፣ «ልጄ ትምህርት ቤት ሊዘጋበት ነው» ብላ ተራዋን ቀምታት ስትገባ ረምላ ደህና አድርጋ ሰድባታለች። ሽንብራ የምታህለው እብጠት በግራ ጡቷ ውስጥ ተቀምጣለች፣ ነገ መውጣት ትችላለች። ሁሉም ሰው አናደዳት፤ ማሽኑ፣ ነርሷ፣ ወንድሟ፣ ከሁሉም በላይ ባለ ቀይ ሻሿ።

«ያቺ ተራዬን የቀማችኝም አለችበት» አለች።

«ማን?»

«ማንም። ጋሽ ናትናኤል የእኔን ለክተው ሌላ ሁለት ግቢ ሊለኩ ሄደዋል።»

«እቴ» አለ አማን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔ ያንቺ ነጋሪ ነኝ። የአሥራ አንድ ሰው ነጋሪ አይደለሁም። ስማቸውን እንኳ አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም።»

«እንግዲያስ!»

«አማን፣ እኔ ሥራ ላይ አንድ ባቡር በተሳሳተ ሰዓት ሲገባ ብሰማ አንዱን ፉርጎ ብቻ ፈትቼ ላድን?»

«አንቺ ፉርጎ አይደለሽም!» ጮኸ። ሲስተር ቤዛዊት ማልቀስ ጀመረች። ዶክተር ሶልያና አሁንም መስኮቱን እያየች ነበር። «ሁለት ነሽ ሁለት! ቤትሽ ገብተሽ ተኚ። አምስት ሳምንት ቆይቶ ስምንት ቢሆንስ? ያኔስ ማን ይነግርሻል? እኔ ነኝ የምነግርሽ! እንደ ጠዋቱ!»

ወንድሟ የሚፈራው ምን እንደሆነ ለረምላ አሁን ነው የገባት። እሷም ያንኑ ትፈራለች።

«‹የብዙ› በል» አለች።

«እቴ…»

«‹የብዙ› በል አልኩህ! አራት ቀን ሙሉ ማንጎ ስታመላልስብኝ አንድ ቀን ለምን ብዬሃለሁ? አንድ ጊዜ ደግሞ የምልህን አድርግ።»

አማን ምልክቱን አደረገ። የመጀመሪያውን ፊርማ አበላሽቶ ሁለተኛ ጻፈ።

ማሽኑ ረቡዕ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሩብ ቆመ። ሐሙስ በሆስፒታሉ ቀዶ ሕክምና አልተደረገም። መርማሪው በስምንተኛው ቀን መጣ፤ ከዚያ በፊት የመጣው የጉዞ ፈቃዱ ብቻ ነበር። አሥራ ሁለቱም ናሙናዎች እንደገና ተነበቡ። ከአሥራ አንዱ የዘጠኙ ቁጥር ወረደ፣ ቀይ ሻሽ ያሰረችው ሴትም ከነዚያ አንዷ ናት። ሁለቱ ሰዓታቸው ቢስተካከልም ስምንት እንደሆኑ ቀሩ፣ ለነጋሪዎቻቸውም ይኸው በድጋሚ ተላከ። በመርማሪው ሪፖርት መሠረት ብልቃጥ ላይ በእጅ መጻፍ ተከለከለ። ስለ ሰዓት አቆጣጠሩ የተባለ ነገር የለም።

የረምላ ተራ በሠላሳ ሰባተኛው ቀን ደረሰ። እብጠቷ ወጣች። ስትነበብ ማገሯ አራት ነበር። ለአንድ ዓመት የሚወሰድ መድኃኒት ታዘዘላት፣ በማግስቱ መውሰድ ጀመረች።